ከተማ ለእንግዳ አገር የሚሆነው በምንድር ነው?

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ወጥቶ በሌላ ምድር ሲኖር፥ ያ ምድር ለአንዳንዱ ማደሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ለአንዳንዱ ግን አገር እስከ መባል ይደርስለታል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ምን እንደ ሆነ መመርመር ለፈላስፎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ፥ በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ፊት፥ በየገበያው ዳር በየቀኑ የሚነሣ ነውና። እኔም ጥያቄውን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። እዚሁ በምሠራበት በእንጭኒ ከተማ፥ ከአንድ የታሪክ መምህር ወዳጄ ጋራ ሻይ ስንጠጣ ነው።

ወዳጄ እንደ ነገረኝ፥ በዚያን ቀን በክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ «ወደ አሜሪካ የሄዱት ወገኖቻችን ታላቁን ኒው ዮርክን ትተው በዋሽንግተን የተሰበሰቡት ለምንድር ነው?» ሲል ጠየቀ። ከኋላ የተቀመጠ ሌላ ተማሪ «ገንዘብ ስላለ ነዋ!» ብሎ ፈጥኖ መለሰ። ጠያቂው ግን «ገንዘብስ ቢሆን በኒው ዮርክ ይበልጣል» ባለ ጊዜ ክፍሉ ሳቀ፥ መምህሩም የሚለው አጣና መልሱን ለሚመጣው ሳምንት ቀጠረ። ሻዩን እየጠጣ ዕዳውን ወደ እኔ አዛወረው፤ «አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፤ ባለጉዳይ ስታስተናግድ ትውላለህ፤ ከተማ ምን እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ» አለኝ። አላውቅም ነበር። ዕዳውን ግን ተቀበልሁ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የተማሪው ጥያቄ በውስጡ ሌላ ጥያቄ አለበት። ዋሽንግተን የኢትዮጵያውያን መሰብሰቢያ ከመሆኗ አስቀድሞ የጥቁር አሜሪካውያን ከተማ ነበረች። ከአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች መካከል ከነዋሪዎቿ እኩሌታ የሚበልጡት ጥቁሮች በመሆን የመጀመሪያዋ እርሷ ናት፤ ይህም የሆነው በ1957 ዓ.ም. ነው። በ1970 ከመቶ ነዋሪ 71 የሚያህለው ጥቁር ነበር። እንግዲህ የእኛ ሰዎች የገቡት ሌሎች ባቀኑት ቤት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፥ ያን ቤት ያቀኑት ሰዎች በምን አቀኑት? የሚለው ነው።

ከተማ የሚለው ቃላችን በጥንት ጊዜ የንጉሥን ወይም የጦር አለቃን ሰፈር ያመለክት ነበር። ንጉሡ በከተመበት ከተማ ይሆናል፤ ድንኳኑ ሲነቀል ከተማነቱ ያበቃል። የምዕራብ ሸዋ ሰው ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም። በ1900 ገደማ አዲስ አበባ ማገዶ ባነሣት ጊዜ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ደረሰና አዲስ አበባን አዳናት፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ንጉሥ ያዘዘው ሊቀር፥ ዛፍ የደገፈው ሊጸና ይችላል ማለት ነው። (ይህን ማለቴ አዲስ ዓለምን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዘመዶች ስላሉኝ በሰላም መግባትና መውጣት እፈልጋለሁ።)

ትእዛዝ ብቻውን ከተማን ካላጸና፥ ተማሪው እንዳለውም ገንዘብ ብቻውን ሰውን ካልሰበሰበ፥ ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ነው። በዚህ ረገድ እኔ በምኖርበት አገር የኦሮሞ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ያቆየው አንድ ሥርዓት ብርሃን ይሰጠኛል። ይኸውም ሞጋሳ የሚባለው ነው። በገዳ ሥርዓት ከሌላ ወገን የመጣ ሰው፥ አንዳንድ ጊዜም ሙሉ ወገን፥ በምርቃትና በመሐላ ወደ ጎሣው ይገባል፤ የጎሣውን ስም ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ ወዳጁ የጎሣው ወዳጅ፥ ጠላቱም የጎሣው ጠላት ይሆናል። ቃሉ ራሱ ስም ማውጣት ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት እንግዳን ከማብላት የተለየ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ማብላትስ በየቤቱ አለ፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን መናገር የምንወድ ሕዝብ ነን። የበላ እንግዳ ግን አመስግኖ ይሄዳል፤ ስም የተሰጠው ይቀራል፥ በሸንጎም ተነሥቶ ይናገራል። ሥርዓቱ ሁልጊዜ በእኩልነት ተፈጽሟል ለማለት አልደፍርም፤ ገበሮ እየተባሉ ከባለአገሩ ዝቅ ብለው የኖሩ እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ሐሳቡ ግን ታላቅ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ይዤው ወደ አሜሪካ እሻገራለሁ።

በ1862 በኤፕሪል ወር የዋሽንግተን ባሮች በሕግ ነጻ ወጡ። ይህም ፕሬዚዳንት ሊንከን ያወጡት ታላቁ የነጻነት ዐዋጅ ከመጽናቱ ከስምንት ወራት በላይ ቀድሞ ነው። ነጻ የወጡት ከ3,000 ጥቂት ይበልጡ ነበር፤ በከተማይቱ ውስጥ ቀድሞውኑ ነጻ የነበሩት ጥቁሮች ከእነርሱ ይበዙ ነበርና። መንግሥትም ካሣ ከፈለ፤ ለአንድ ባሪያ እስከ 300 ዶላር። ካሣው የተከፈለው ግን ለጌታው ነው። ለባሪያው የተረፈው ነጻነቱ ብቻ ነበር፤ በሌጣ ነጻነት ደግሞ ቤት አይሠራም።

ቤቱን ያቆመው ትምህርት ነው ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም። በ1867 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በ1870 ደግሞ ለጥቁር ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ይህም ትምህርት ቤት በኋላ ኤም ስትሪት፥ ከ1916 ጀምሮም ደንባር የተባለው ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ጥቂት ልቆይ፤ አንባቢዎቼ መምህራን ናቸውና ይፈቅዱልኛል። በዚያ ዘመን የነጮች ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁርን መምህር አድርገው አይቀጥሩም ነበር። ስለዚህ በሌላ አገር ቢሆን የዩኒቨርሲቲ ወንበር የሚጠብቃቸው ሊቃውንት በዚህ ትምህርት ቤት ገብተው ለአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ታሪክና ላቲን ያስተምሩ ነበር። የጥቁር ሕዝብ ታሪክ አባት የሚባሉት ካርተር ዉድሰን ከሃርቫርድ ዶክተር ተብለው ሳለ በዚያ አስተምረዋል። በባርነት የተወለዱት አና ጁሊያ ኩፐርም የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ነበሩ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡት እነማን ናቸው ቢባል፥ የደም ባንክን ሥራ ካቋቋሙት አንዱ የሆኑት ሐኪሙ ቻርልስ ድሩ፥ በዘር የመለያየትን ሕግ በፍርድ ቤት ያናወጡት የሕግ ዐዋቂው ቻርልስ ሂውስተን፥ በ1966 በአሜሪካ የመጀመሪያው ጥቁር ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ዊቨር ናቸው። የተዘጋ በር ግፍ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በዚያ ግፍ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ያላቸውን ምርጥ ነገር ለልጆቻቸው ሰጡ።

ሁለተኛው ምሰሶ የመንግሥት ሥራ ነበር። ዋሽንግተን የፋብሪካ ከተማ አይደለችም፤ እንደ እኛ ቢጤ በወረቀት የምትኖር ከተማ ናት። አንድ ጥቁር ጸሐፊ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቶ ደመወዙን በወሩ ከተቀበለ፥ ልጁን ያስተምራል፥ ቤትም ይገዛል። ይህንን ያወቁ ሰዎች ይህንኑ ምሰሶ ለመንቀል ተነሡ። በ1913 ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሥልጣን ከያዙ በኋላ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ጥቁሩና ነጩ ሠራተኛ በጠረጴዛ፥ በምግብ ቤት፥ በመጸዳጃ ቤት ሳይቀር እንዲለያይ ተደረገ። በ1914 ደግሞ ሥራ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ከማመልከቻው ጋራ ፎቶግራፉን እንዲያያይዝ ታዘዘ። በጽሑፍ ፈተና ያለፈው ሰው ፊቱ ሲታይ ይወድቅ ዘንድ ነው። እኛም በየማመልከቻው ጉርድ ፎቶግራፍ እንጠይቃለን። የእኛ ለዚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለምን እንደ ሆነ ግን ጠይቄ የረካሁበት ጊዜ የለም።

ትምህርትና ደመወዝ በተገናኙበት ስፍራ ንግድ ይከተላል። ዩ ስትሪት በሚባለው መንገድና በአካባቢው ለጥቁሮች የተሠራ ቲያትር ቤት በ1910 ተከፈተ፤ ጥቁሮችም የራሳቸውን ባንክ በ1913፥ ሆቴል በ1919 አቆሙ። ሃዋርድ የተባለውን ቲያትር ቤት፥ በዚያች ከተማ በ1899 የተወለደውን ታላቁን የሙዚቃ ሰው ዱክ ኤሊንግተንን የማያውቅ የሙዚቃ ወዳጅ አይገኝም። የጠበቃው ቢሮ ከሐኪሙ ክሊኒክ፥ የፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ከጋዜጣው ማተሚያ ጋራ ተጎራብቶ ኖረ።

እዚህ ላይ የወዳጄ ሁለተኛ ተማሪ እንደገና ተነሥቶ «ታዲያ ይኸው፥ ገንዘብ ነው!» ሊለኝ ይችላል። ለእርሱ የምመልስለት በኦክላሆማ ግዛት ባለችው በተልሳ ከተማ ነው። በዚያም ግሪንውድ በሚባለው ሰፈር ጥቁሮች በንግድ ሀብት አፍርተው ነበር፤ በአሜሪካ ከነበሩት የጥቁር ነጋዴዎች ሰፈሮች ሁሉ ስሙ የገነነ ሆነ። በ1921 ሜይ 31 እና ጁን 1 ቀን የነጮች ጭፍራ ገብቶ 35 ብሎክ ያህል የሚሆነውን ሰፈር አቃጠለው፥ ሰውንም ገደለ። በማግሥቱ የተያዙት ገዳዮቹ ሳይሆኑ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ጥቁሮች ነበሩ። የመድን ኩባንያዎችም «የሁከት ጉዳት ነው» ብለው ካሣውን አንከፍልም አሉ። ግሪንውድ ገንዘብ ነበራት። ያልነበራት ፖሊሱ፥ ዳኛውና የከተማው ምክር ቤት ናቸው። በከተማይቱ ውስጥ ኖረች እንጂ ከከተማይቱ ጋራ አልተቆጠረችም።

ዋሽንግተንም ከዚህ ጉድለት ነጻ አልነበረችም። ነዋሪዎቿ ነጩም ጥቁሩም ፕሬዚዳንት መምረጥ የቻሉት በ1961 ሕገ መንግሥቱ ከተሻሻለ በኋላ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ከንቲባቸውን የመረጡት ደግሞ በ1974 ነው። ያለ ድምፅ የኖረው ይህ ሕዝብ መብቱን እንዴት እንዳገኘ ሳነብ እጅግ የገረመኝን አንድ ነገር ላውራ። በ1872ና በ1873 የከተማይቱ ምክር ቤት፥ ምግብ ቤት ያለው ሰው ማንንም በቀለሙ ምክንያት እንዳይመልስ የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕጉን የሻረው የለም። ሕጎች እንደገና ተሰብስበው ሲታተሙ ብቻ ከመጽሐፉ ቀረ፤ ተረሳም። ለሰባ ዓመታት ያህል ጥቁር ሰው ከየምግብ ቤቱ በር ሲመለስ ሕጉ በመሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሰዎች ፈልገው አገኙት፤ ሜሪ ቸርች ቴሬል የተባሉ አሮጊት መምህርትም በ1950 ከጓደኞቻቸው ጋራ ወደ አንድ ምግብ ቤት ገብተው ምግብ አዘዙ፥ ተከለከሉ፥ ከሰሱም። በ1953 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያ አሮጌ ሕግ የጸና ነው ብሎ ፈረደ። እመት ቴሬል በዚያን ጊዜ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። አዲስ ዐዋጅ አላስፈለጋቸውም፤ መሳቢያውን የሚከፍት ሰው እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የተደባለቀ ነው። በሮች ሲከፈቱ ሀብት ያለው ጥቁር ወደ ሌላ ሰፈር መሄድ ቻለ፥ ዩ ስትሪትም እየሳሳ ሄደ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ በቁጣ የተነሣ ሕዝብ ሰፈሩን አቃጠለው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት የታሸጉ መስኮቶችና ባዶ ሱቆች ነበሩ። በ1991 የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ተከፈተ፤ ኪራይ ወጣ፤ ባለ ገንዘብ መጣ። በ2011 ጥቁሮች ከከተማይቱ ነዋሪ እኩሌታ በታች ሆኑ። ከተማዋ በለጸገች ስንል ማን በለጸገባት ብሎ መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው፤ በሕንጻው ቁመት ልክ የሚለካ ሰው ዩ ስትሪት ዛሬ ከምን ጊዜውም የተሻለ ነው ሊል ይችላልና። እኔ ግን አያቱ በዚያ መንገድ ላይ ሱቅ የነበረው፥ ዛሬ ግን ኪራዩን መክፈል ያልቻለውን ሰው አስባለሁ።

የእኛ ሰዎች የገቡት በዚህ መካከል ነው። የመጀመሪያዎቹ በቁጥር ጥቂት፥ በሐሳብ ግን ሩቅ ነበሩ። ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። የነጮች ኮሌጅም ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ከጥቁሮች ጋራ መማርንና መኖርን መረጡ፥ ጥቁር አሜሪካዊትም አገቡ። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ወደ አሜሪካ ተመልሰው፥ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እንዲመሠረት አደረጉ። የጥቁር አሜሪካዊ አገልጋይና ሠራተኛ ሴት ከሳምንት ደመወዟ ቀንሳ ለማታውቀው አገር ሳንቲም ታዋጣ ነበር። በሃዋርድ ደግሞ ፕሮፌሰር ሊዮ ሃንስቤሪ ከ1922 ጀምሮ የአፍሪካን የጥንት ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ባልደረቦቻቸው «አፍሪካ ምን ታሪክ አላት?» እያሉ ሲያሾፉባቸው ነው። አገራችን ውለታቸውን ያሰበችው በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሸለማቸው ጊዜ ነው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ዐረፉ።

ከ1974 አብዮት በኋላ ግን የሄደው ተማሪ ሳይሆን ስደተኛ ነው። በ1980 አሜሪካ የስደተኞችን ሕግ ባወጣች ጊዜ ቁጥሩ በዛ። ታክሲ ነዱ፥ መኪና ማቆሚያ ጠበቁ፥ ሆስፒታል ሠሩ። በ1980ዎቹ በአዳምስ ሞርጋን ሰፈር ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ኪራይ ሲወደድ ደግሞ ወደ ዩ ስትሪት፥ በተለይም ወደ 9ኛው መንገድ ተሻገሩ። በ2004 የወጣው የከተማይቱ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም ጭምር እንዲያገለግሉ አዘዘ። ከእንጭኒ ሆኜ ይህን ሳነብ ደስታም ሐፍረትም ተሰማኝ፤ በዚህ በእኛ አገር ባለጉዳይ በማያውቀው ቋንቋ ተሰድቦ የሚመለስበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁና።

ይህ ሕግ የወጣው ለምን በዋሽንግተን ሆነ? የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ከተማይቱን ያስተዳድሩ የነበሩት በደጅ መቆም ምን እንደ ሆነ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ያውቁት የነበረውም በመጽሐፍ አይደለም።

ታዲያ በ2005 የእኛ ነጋዴዎች ያ የ9ኛው መንገድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ጠየቁ። በሎስ አንጀለስ በ2002 እንዲህ ያለ ስም ተሰጥቶ ነበር። በዋሽንግተን ግን ከጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ተቃውሞ ተነሣ። የእኛዎቹ ያሉት ሐሰት አይደለም፤ የታሸገውን መስኮት ከፍተን፥ የጠፋውን መብራት አብርተን፥ ግብር ከፍለን ነው አሉ። የእነዚያም ሐሰት አይደለም፤ ይህ መንገድ አያቶቻችን ከሌላው ሁሉ በተባረሩበት ዘመን ያቆሙት ነው፥ ስሙን ከወሰዳችሁት እኛ ከታሪኩም ተባረርን ማለት ነው አሉ።

እኔ ባለአገሮቹ እውነት አላቸው እላለሁ፤ ይህን ስል የሚቀየመኝ ዘመድ እንደሚኖር አውቃለሁ። በሞጋሳ ሥርዓት የመጣው ሰው የባለአገሩን ስም ይቀበላል እንጂ ባለአገሩን በራሱ ስም አይጠራም። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ከእኛ መካከል «ጥቁር» ሲባል «እኛስ ሐበሻ ነን» ብሎ ፈቀቅ የሚል ጥቂት አይደለም። ነገድን መውደድ ነውር አይሆንም። ነገር ግን ሰው ደንባርና ሃዋርድ ያቀኑትን ቤት ገብቶ እየኖረ፥ የከፈቱትን በር አልፎ እየሄደ፥ ከከፈቱት ሰዎች ጋራ አልቆጠርም ካለ፥ ይህ ኩራት ሳይሆን ዕዳን መካድ ነው።

በሌላ መንገድ የሄደም አለ። ጎንደሬው ኃይሌ ገሪማ ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ ፊልም አስተማሩ። ስለ ባርነት የሠሩትን ፊልም በ1993 ባወጡ ጊዜ ሳንኮፋ አሉት፤ ይህም በአካን ሕዝብ ቋንቋ ተመልሰህ አምጣ ማለት ነው። ከባለቤታቸው ጋራ በዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት የከፈቱትንም የመጻሕፍትና የቡና ቤት በዚሁ ስም ጠሩት። በ2019 የንብረት ግብሩ ከዐቅማቸው በላይ በሆነ ጊዜ፥ የሰፈሩ ጥቁር ሕዝብ ተነሥቶ ጮኸ፤ የከተማው ምክር ቤትም ከግብሩ አቀለለላቸው። ያን ቤት የጠበቀው የተጻፈ ሕግ ብቻ አይደለም፤ ስሙን እንደ ራሱ ስም የቆጠረ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ለመምህሩ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ተማሪው ይህን ሲሰማ የሚቀጥለው ጥያቄ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?» አለኝ። «ምን?» ብለው «እኛስ? ነው የሚለኝ» አለ።

እኛስ? እኛም ተፈትነናል። ጥቁሮች ከአሜሪካና ከካሪቢያን ወደ እኛ መጥተው ነበር። ከጦርነቱ በፊት ከመጡት መካከል ሚኞን ፎርድ የተባሉት የባርቤዶስ ሴት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ከፍተው ልጆቻችንን አስተምረዋል። በ1948 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በፌዴሬሽኑ በኩል በጦርነቱ ጊዜ ለረዱን ጥቁሮች በሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። ሰዎቹ መጡ፤ ከጃማይካም ብዙዎች ተከተሉ። ቤት ሠሩ፥ ወለዱ። በ1975 መሬት የመንግሥት ሲሆን አብዛኛው መሬታቸው ተወሰደ፤ ይህስ የሁሉም ባለርስት ዕጣ ነው ይባል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ምድር የተወለዱ ልጆቻቸው፥ አማርኛና ኦሮምኛ እየተናገሩ ያደጉት፥ መታወቂያ ሳይኖራቸው ጎልማሳ ሆኑ። መንግሥት የመታወቂያ ወረቀት እንዲሰጣቸው የወሰነው በ2017 ነው። ከመሬቱ ስጦታ እስከ ወረቀቱ 69 ዓመት። መሬት ሰጠን፥ ስም ግን ነፈግን። እንግዲህ ሻሸመኔ ለእነርሱ እንደ ሃዋርድ ያለ ተቋም፥ እንደ ዩ ስትሪት ያለ ንግድ የሚያፈሩባት ከተማ ሳትሆን ብትቀር ስንፍናቸው ነው የሚል ሰው፥ ያለ መታወቂያ የባንክ ብድር ጠይቆ ይሞክረው።

በሌላው ላይ የፈረድሁትን ያህል በራሴ ላይም መፍረድ ይገባኛል። ከዓመታት በፊት፥ ስሟን በማልጠራት ሌላ ትንሽ ከተማ ስሠራ፥ አንድ በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊ ወደ መስኮቴ መጡ። ከነበሩበት ስፍራ በሁከት ተፈናቅለው ከቤተ ሰባቸው ጋራ የመጡ ነበሩ፤ የተረፋቸው አንድ የስፌት መኪና ብቻ ነው። በነዋሪነት ለመመዝገብ ጠየቁ። እኔም «መሸኛ አምጣ» አልኋቸው። «ጌታዬ፥ ቢሮው ተቃጥሏል» አሉ። «እንግዲያው ነገ ና» አልኋቸው። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው «ጌታዬ» እያሉኝ፥ እኔ «አንተ» እያልሁ አራት ጊዜ አመላለስኋቸው። ጉርድ ፎቶግራፍ ጎደለ ስላቸው ተነሥተው አመጡ። በአምስተኛው ሳምንት አልመጡም። ስፌት መኪናቸውን ይዘው ወደ ሌላ ከተማ ማለፋቸውን ከጎረቤት ሰማሁ።

ከወራት በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ስዛወር መሳቢያዬን ባዶ ማድረግ ነበረብኝ። ከታች፥ ቀኑ እኔ ከመቀጠሬ በፊት የሆነ አንድ ደብዳቤ አገኘሁ፤ መሸኛ ማቅረብ ያልቻለ ተፈናቃይ በሦስት ምስክር ሊመዘገብ እንደሚችል ይገልጻል። ከደብዳቤው ሥር የልብስ ሰፊው ቅጽ ነበር። በራሴ እጅ ስማቸውን ጽፌ፥ የአባታቸውን ስም ጀምሬ፥ የቀረውን ባዶ ትቼዋለሁ። ፎቶግራፋቸው በስፒል እንደ ተያያዘ ነው።